ወይዘሪት ለምን ሥራ አቆመች

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ፣ እውነት ነው። ብዋሽ የበላሁት አይርጋልኝ፤ ጫማዬም ዝናብ በሚጥልበት ቀን ይቀደድ። ሬዲዮ ስለዋጠው ፍየል ያወራሁትን የሰማ ሰው ይጠራጠረኝ ይሆናል፤ እሱ ሌላ፣ ይህ ሌላ። የፍየሉን ነገር እኔም ከሰው ነው የሰማሁት። ይህን ግን አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩ ሰዎች አሉ።

ነገሩ የሆነው በአንድ ልብስ ሰፊ ጓሮ ነው። ልብስ ሰፊው ረጅምና ቀጭን ነው፤ አንገቱ ላይ ሜትሩን ሳያንጠለጥል ከቤት ከወጣ ራቁቱን የሄደ ይመስለዋል። የሚሠራው እዚያው ቤቱ ውስጥ፣ መስኮቷ ወደ መንገድ በምታይ የፊት ክፍል ነው። ከእሷ ኋላ እሱና ሚስቱ የሚተኙበት ክፍል አለ፣ ቀጥሎ የአማቱ ክፍል፣ ቀጥሎ ወጥ ቤቱ፣ ከወጥ ቤቱ ደረጃ በታች ጓሮው፣ በጓሮው ጥግ የዶሮ ቤቱ፣ በዶሮ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ወይዘሪት።

ወይዘሪት ዶሮ ናት። ቀይ ናት፤ አንገቷ አካባቢ ወደ ወርቅ የሚያደላ ላባ አላት። ስትራመድ እግሯን ከፍ አድርጋ፣ ትንሽ አስባበት ነው የምታሳርፈው፤ ጫማ ቤት ገብታ አዲስ ጫማ የምትሞክር ሴት ትመስላለች። በየማለዳው አንድ እንቁላል ትጥልና ሰፈሩን በጩኸት ታነቃንቀዋለች። ጩኸቷን የሰማ ሰው፣ እንቁላል የጣለች ሳይሆን ድልድይ ሠርታ ያስመረቀች ነው የሚመስለው።

ያንን እንቁላል የሚበሉት አማትየው ናቸው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ለስለስ ብሎ የተቀቀለውን እንቁላል አናቱን በማንኪያ ኳ አድርገው ሲከፍቱት፣ በዚያ ቤት ቀኑ ተጀመረ ማለት ነው። ሰፈሩ «ሻለቃ» ይላቸዋል። የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ ግን «ና» ሲሉ የተጠራው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የቆመውም ይመጣል።

እንግዲህ አንድ ማለዳ እንቁላል ጠፋ። በማግስቱም ጠፋ። ከዚያ በኋላማ ነገሩ ተለመደ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ የወይዘሪት እንቁላል ግን በእግሩ ሄዶ በዚያው ቀረ።

«ልጄ፣» አሉ ሻለቃ፣ ባዶ ሰሃን ፊታቸው አስቀምጠው፣ «እንቁላሌስ?»

«ነገ ትጥላለች፣ እማማ።»

«ትናንትም ነገ ብለኸኝ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ዶሮ አለኝ በጓሮ ግን ካንተ ሰማሁ።»

«ትንሽ ደክሟት ነው።»

«ምን ሠርታ?»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ጠቀለለ፣ ፈታ፣ መልሶ ጠቀለለ። ሻለቃ ማንኪያቸውን ሰሃኑ ላይ አጋደሙ።

«እሁድ እህቴ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ባዶ ጠረጴዛ አላስቀምጣትም። ይህች ዶሮ ወይ እንቁላል ትጥላለች፣ ወይ ሾርባ ትሆናለች። ከሁለቱ አንዱን ትምረጥ፤ ሁለቱንም እምቢ ማለት ግን የለም።»

ሚስቱ ወጥ ቤት ሆና ሰምታ ነበር። «እናቴ የተናገረችውን አትተውም፤ ከአሁኑ ልንገርህ፣» አለችው። «ልጅ ሆኜ አልተኛም ስላት ለፖሊስ እሰጥሻለሁ ብላ ጣቢያው በር ድረስ ወስዳኛለች።»

«ሰጠችሽ?»

«ፖሊሱ ነው የፈራት።»

ልብስ ሰፊው ልቡ ወረደ። ሰው ለአንዲት ዶሮ ይህን ያህል ምን ሆነ ይላል፤ ነገሩ ወዲህ ነው። ወይዘሪት እንደ ልቧ ትዞር በነበረ ጊዜ፣ ከስፌት መኪናው ሥር ከሚከማቸው ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ መጥታ ትቀመጥ ነበር። እሱ መኪናውን በእግሩ እየመታ ያወራታል፤ እሷ አንገቷን ዘመም አድርጋ ታዳምጠዋለች። በዚያ ቤት ውስጥ የጀመረውን ወሬ እስኪጨርስ የምትሰማው እሷ ብቻ ናት። ሚስቱ መሃል ላይ ትስቃለች፤ አማቱ መጨረሻውን ቀድመው ይነግሩታል።

ሌላም ጣጣ ነበረበት። ሻለቃ በየማለዳው ሁለት ጥያቄ አላቸው። አንደኛው የእንቁላሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «መጋረጃዬስ?» የሚል ነው። እሱም ሁልጊዜ «ተራ ላይ ነው፣ እማማ» ይላል። ተራ ላይ አልነበረም።

የሻለቃ መስኮት በፀሐይ መውጫ በኩል ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ጨረሩ ቀጥ ብሎ ዐይናቸው ላይ ያርፋል፤ እንቅልፋቸው እዚያ ላይ ያልቃል፤ ጠባያቸው የሚጀምረውም እዚያው ነው። ስለዚህ ወፍራም፣ ጥቁር ቀይ የከፋይ ጨርቅ ራሳቸው መርጠው ገዙና «ስፋልኝ» ብለው ሰጡት። ልብስ ሰፊው መስኮቱን ለካ። ሲለካ ግን አማቱ ከኋላው ቆመው «ቀጥ አድርገው፣ ወዲህ በለው፣ ወዲያ በለው» ስለሚሉ፣ ከመጋረጃው ዘንግ መጀመሩን ትቶ ከመስኮቱ ፍሬም ጀመረ። የመቀስ ነገር ደግሞ ይታወቃል፤ ከቆረጠ በኋላ ይቅርታ የለውም። መጋረጃው ተሰፍቶ ሲያልቅ ከቁምጣ ሱሪ አልረዘመም። የሰው ሁሉ ሱሪ የሚያሳምር ባለሙያ የገዛ አማቱን ከፋይ አሳጠረ ሲባል ማን ይሰማል? አጣጥፎ ደበቀው።

በዚያው ሰሞን የጎረቤት ድመት ከዶሮ ቤቱ ፊት መቀመጥ ጀመረች። አትነካ፣ አትጮህ፤ ብቻ በወንፊት ሽቦው በኩል ታፈጣለች። ወይዘሪት ጥጓን ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ልብስ ሰፊው አዘነላት። ድመቷ እስክትረሳት ድረስ ውጪ እንዳትዞር ወሰነና፣ የተደበቀውን መጋረጃ አውጥቶ በዶሮ ቤቱ ሽቦ ላይ ሰቀለላት። ልኩ እዚያ ላይ ልቅም ብሎ ገባ። እጥፋት አወጣለት፣ ከኋላው ጥቁር ገበር ደረበለት፣ ከታቹ ዘርፍ አደረገለት። እህሏንና ውሃዋን በመጋረጃው ሥር ያሳልፍላታል፤ ድመቷ ለራት ወደ ቤቷ ስትጠራ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ለአፍታ አውጥቶ ያንሸራሽራታል። ሻለቃ የወጥ ቤቱ ደረጃ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወደ ጓሮ አይወርዱም። ምስጢሩ በዚህ ዓይነት ተሸፍኖ ኖረ፤ በገዛ መጋረጃው።

አሁን ምክር ፍለጋ ወጣ። መጀመሪያ ያገኘው አጥር የሚጋራውን ጸጉር አስተካካይ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ይህ ሰውዬ ሁለቱም የደረሱበት ነው።

«ምን ቸገረህ፣» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «ሴት ልጅ መልኳን ካላየች ሥራ አይሆንላትም። እኔ ቤት የምትመጣው ሁሉ መጀመሪያ መስታወት ነው የምታየው።»

«ዶሮ ናት እኮ።»

«ዶሮ ሴት አይደለችም ያለህ ማነው?»

ጠርዙ የተሸረፈ መስታወት አመጣና በመጋረጃው ሥር እጁን አስገብቶ ሰቀለላት። ወይዘሪት ዞር ብላም አላየችው።

«ኮርታብናለች፣» አለ ጸጉር አስተካካዩ፣ ትንሽ ቅር ብሎት። «ኩራት ደግሞ እኔ ጋ መድኃኒት የለውም።»

ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ ያለውን መካኒክ ጠራው። መካኒኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ መጣ። ዶሮዋን አስወጥቶ አገላበጣት፣ ክንፏን ገልጦ አየ፣ ከዚያ ከኪሱ ረጅም ካቻቢቴውን አውጥቶ እጀታውን ጆሮው ላይ፣ ጫፉን ደግሞ ቀስ አድርጎ ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። ሞተር ሲያዳምጥ የሚያደርገው እንዲህ ነው።

«ዝም በሉ፣» አለ። ዝም አሉ። ወይዘሪትም ዝም አለች።

«እህስ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው። የሚያንኳኳ የለም፣ የሚያፈስ የለም። ብርድ ነው የያዘው። ጠዋት ጠዋት ሳይሞቅ አይነሳልህም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ልብስ ሰፊው አንተ፤ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ይህ አነጋገር የልብስ ሰፊው ልብ ውስጥ ገባ። ሮጦ ሄደና ለክረምት ካፖርት ያስቀመጠውን ወፍራም ገበር አምጥቶ በመጀመሪያው ገበር ላይ ደረበው። ብርድ በየት ይገባል ብሎ ዳር ዳሩን በሚስማር መታው። የቀረች አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ እሷንም በመርፌ ጠቀማት። ከዚያ ወዲያ በዚያ ዶሮ ቤት ውስጥ መርፌ ቢወድቅ የሚያገኘው ዳሳሽ ብቻ ነው።

እንቁላል አልመጣም።

ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ልብስ ሰፊው የመጨረሻ ብልሃቱን አወጣ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለውን ተረት ገልብጦ፣ በዶሮ ስም ሰው ላታልል አለ። ከሱቅ አንድ እንቁላል አመጣ፣ በእጁ አሻሽቶ አሞቀው፣ እውነት እንዲመስል ትንሽ ጭድ ለጠፈበት፣ ሮጦ በረንዳ ላይ ደረሰ።

«እማማ፣ ጣለች።»

ሻለቃ እንቁላሉን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። አገላበጡት።

«ስትጥል አልጮኸችም።»

«አፍራ ነው። ከቆየች አይደል።»

«እሺ። ግን ልጄ፣ ወይዘሪት ማህተም መምታት መቼ ጀመረች?»

ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ አየ። ከጭዱ ሥር ሰማያዊ ማህተም አለ፤ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ሚስቱ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ከዚያ የድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማ።

«ዘመናዊ ሆና ይሆናል፣» አለ።

«ደግ አደረገች። እኛም ዘመናዊ ድስት አለን።» እንቁላሉን መለሱለት። «እሁድ ድረስ መጠበቁ ቀርቷል። ዱላዬን አቀብለኝ። ዛሬ ደረጃውን እወርደዋለሁ።»

ልብስ ሰፊው ዱላውን አቀበላቸው፤ ሻለቃ «አቀብለኝ» ካሉ የሚሆነው ያ ነው። ከዚያ በወዲያኛው በር ዞሮ፣ ቀድሟቸው ዶሮ ቤቱ ጋ ደረሰ። እጁን ዘርግቶ ቆመ። ረጅም ስለሆነ በደንብ ይሸፍናል። ጸጉር አስተካካዩ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ፤ የሥራ ወንበሩን አውጥቶ ነበር የቆመበት፤ አንድ ጎኑ የተላጨ ደንበኛም ከጎኑ ቆሟል።

ሻለቃ ደረጃውን አንድ በአንድ፣ እያቃሰቱ ወረዱ።

«ዞር በል።»

«እማማ፣ አይጠጓት። ታማለች። ተላላፊ ነው።»

«ተላላፊ ከሆነማ ያስያዝካት አንተ ነህ። ሁለታችሁም ሥራ ካቆማችሁ ሰነበታችሁ።»

አጥሩ ላይ ያለው ደንበኛ ሳቀ። ጸጉር አስተካካዩ «አትንቀሳቀስ፣ ጆሮህን እቆርጣለሁ» አለው፤ መቀሱን ግን ካስቀመጠ ቆይቷል።

«እባክዎ፣ እማማ። ሌላ ዶሮ እገዛለሁ። ሁለት። ለእህትዎ እነሱን እንሠራለን። ይህችን ግን ይተዉልኝ።»

ሻለቃ አዩት። በዚያች ቅጽበት፣ ዐይኑ እርጥብ እንደነበር እናገራለሁ፤ ይሳቅበትም አይሳቅበትም። ሻለቃም ትንሽ ሳይራሩ አልቀሩም፤ ምክንያቱም ዱላቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩት። ግን ያኔ ነው በክንዱ ሥር ቀይ ነገር ያዩት።

ዱላው ልብስ ሰፊውን ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ገፋው። ሻለቃ የመጋረጃውን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ያዙ። ገለበጡት። ገበሩን አዩ። ከገበሩ ኋላ ሌላ ገበር አዩ። ዘርፉን አዩ።

«ይህ ጨርቅ፣» አሉ በዝግታ፣ «ያውቀኛል።»

ሻለቃ ሚስማሩን በዱላቸው ጫፍ ፈለቀቁና መጋረጃውን ግልጥ አደረጉት።

ፀሐይ አናት ላይ ናት። ወይዘሪት ቆጧ ላይ፣ ጭንቅላቷን ክንፏ ውስጥ ቀብራ ተኝታለች፤ ታንኮራፋለች። አዎ፣ ታንኮራፋለች፤ ቀጭን፣ ፉጨት ያለበት፣ ጫፉ ላይ የሚንጠለጠል ማንኮራፋት። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል፤ ይህቺ ግን ጥሬውን ከነወፍጮ ቤቱ የምታልም ነበር የምትመስለው።

ብርሃኑ ሲያርፍባት አንድ ዐይኗን ገለጠች። ቀጥላ ሌላኛውን። ፀሐይዋን አየች፣ ሻለቃን አየች፣ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየችና ደነገጠች። ከዚያ ዘላ ወርዳ ላባዋን አራገፈች፤ አንድ እግሯን ወደ ኋላ ዘረጋች፣ አንድ ክንፏን ዘረጋች፣ በችኮላ እህል መልቀም ጀመረች። ሥራ የረፈደባት ሠራተኛ ቁጭ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ ሻለቃ፣ ዐይናቸውን ከዶሮዋ ሳይነቅሉ።

«እኩለ ቀን አልፏል፣ እትዬ፣» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«ለኛ ነው እኩለ ቀን። ለሷ ገና አሁን ነጋ።» ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ይህች ዶሮ ምንም አልሆነችም። ማታ መሰላት፣ ተኛች። ነቅታ አየች፣ አልነጋም፤ ደግማ ተኛች። እናቴ ዶሮ ታረባ ነበር፤ ብርሃን ያላየች ዶሮ እንቁላሏን ትረሳለች ስትል ነው ያደግኩት። እኔ በመጋረጃ እጦት ሌሊቴ ሳያልቅ ይነጋብኛል። አንተ ደግሞ የኔን ሌሊት ወስደህ በሷ ላይ ደረብክላት።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ፣» አለ ልብስ ሰፊው። «አጥሮብኝ ነው። አፍሬ ነው።»

ሻለቃ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ። ሰው ሁሉ ዐይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ግን ዱላው ትከሻቸው ላይ ነው፤ ሻለቃም እየሳቁ ነው። ሳቃቸው ከሆዳቸው ሲነሳ መላ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ለረጅም ጊዜ ስላልሳቁ ማቆሚያውም ጠፋባቸው። ሚስቱ ወጥ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፣ በሳቅ። ጸጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ወደቀ።

«ድስት የሚገባውስ ሌላ ሰው ነበር፣» አሉ በመጨረሻ፣ ዐይናቸውን እየጠረጉ። «ግን ቀጭን ነህ፣ መረቅም አይወጣህም። ወይዘሪት ቀን ተሰጥቷታል። አንተ ግን መጋረጃዬን ዛሬ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

ልብስ ሰፊው መጋረጃውን አወለቀ፣ አጠበ፣ ተኮሰ፤ ያጠረበትን ከካፖርቱ ገበር ቆርጦ ከታች ቀጠለበት። ቅጥሉ ያስታውቃል፤ ሻለቃ ግን «ቀሚስ የረዘመላት ልጅ መሰለ» ብለው አለፉት።

እሁድ እህትየው መጡ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጠረጴዛውን በጣታቸው እየደበደቡ ጠበቁ፣ ጠበቁ። ሻለቃ የሉም። ተኝተዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከወፍ በኋላ ተነስተው የማያውቁት ሴት፣ ቤቱ በሙሉ በእግር ጣቱ ሲራመድ፣ ፀሐይ ጣራው ላይ ወጥታ ሳለ ተኝተዋል። በመጨረሻ ሲወጡ ፊታቸው ትራስ ታትሞበታል፤ ዐሥር ዓመት ተቀንሶላቸዋል።

ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ድንችና ካሮት ነው። ወይዘሪት ጓሮው ውስጥ እግሯን እያነሳች ትንጎራደዳለች።

«ያቺ ሾርባ ትሆናለች ያልሽኝ ዶሮ እሷ አይደለችም?» አሉ እህትየው።

«ናት።»

«እንቁላል ጣለች ታዲያ?»

«አልጣለችም። እንቅልፍ ያሰከረው ሰው ቶሎ ወደ ሥራው አይመለስም፤ እኔን አታዪኝም? ተያት፣ ጊዜዋን ትውሰድ።»

ልብስ ሰፊው ይህን የሰማው በር ሥር ቆሞ ነው። እፎይ ብሎ ድንቹን ሁለተኛ ጊዜ ያነሳው ያኔ ነው።

የድመቷ ነገር ገና አልተቋጨም ነበር፤ እሱንም ሻለቃ ጨረሱት። ወንበራቸው ወደ ጓሮ እንዲወርድ አዘዙና፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከዶሮ ቤቱ ጎን ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ። ድመቷ መጥታ አፈጠጠች። ሻለቃም አፈጠጡ። ድመቷ ከዚያን ቀን ወዲህ የምታፈጠው በጸጉር አስተካካዩ መስኮት በኩል ነው።

እንቁላሉ የመጣው ማንም ባልጠበቀው ጠዋት ነው። ወይዘሪት ጩኸቷን ለቀቀችው፤ የተጠራቀመ ነበርና ድመቷ ከነበረችበት ጣራ ላይ ወጣች። ልብስ ሰፊው መቀሱን ጥሎ፣ ሚስቱ መጥረጊያዋን ጥላ፣ ሁለቱም ወደ ጓሮ ሮጡ፤ ሻለቃ ተኝተዋላ። አንዱ ክንፏን ይዞ፣ አንዷ እህል እየበተነች «እሽ፣ እሽ፣ ዝም በይ» ሲሉ፣ ከቀዩ መጋረጃ ኋላ ድምፅ መጣ።

«ተዉአት። የሠራ ሰው ይናገር።»

ይኸው ነው። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ማንኮራፋቷን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር አጥር ላይ የነበረውን ደንበኛ ይጠይቅ፤ ጸጉሩ እስከ ዛሬ በአንድ ጎኑ ይበልጣል። ግን ሐቁን ለመናገር፣ አንዲት ነገር ብቻ ከኪሴ ጨምሬያለሁ። ልብስ ሰፊው «ይቅር ይበሉኝ» አላለም። ሳላስገባው ብቀር ባለጌ ይመስልብኛል ብዬ ነው ያስባልኩት። በዚያች ሰዓት፣ አማቱ መጋረጃቸውን በአንድ እጅ፣ ዱላቸውን በአንድ እጅ ይዘው ሲያፈጡበት፣ ከአፉ የወጣው ቃል ይህ ነው፦

«ስፌቱስ ግን እንዴት ነው፣ እማማ?»